ባለመሬቷ ናት ደሀዋ

ያቺን ፎቶ ሳታውቋት አትቀሩም። እናትየዋ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ ሩቅ ታያለች፣ ሁለት ልጆች ከግራና ከቀኝ ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋ ላይ ተለጥፈዋል፣ ህፃን ደሞ ታቅፋለች። ዶሮቲያ ላንግ የምትባል ፎቶግራፈር እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ አጠገብ አተር ለቃሚዎች የሰፈሩበት ቦታ ያነሳቻት ናት። እና በየጊዜው አንዱ ወዳጄ ቴሌግራም ላይ ይልክልኝና "አንች እንዲህ አይነት ፎቶ ከጎጃም ለምን አታወጭም፣ ድህነቱ እንደሆን ሞልቷል" ይለኛል።

ለማታውቁኝ፣ ፍኖተ ሰላም ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ፣ ሰርግ ምርቃት ክርስትና ጉርድ ፎቶ ምናምን ነው እንጀራዬ፣ በተረፈኝ ጊዜ ገጠር እየወጣሁ ገበሬ አነሳለሁ፣ በተለይ በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለመካፈል ተስማምተው፣ የሚያርሱትንና የሚያሳርሱትን። ለወዳጄ ሁሌ ምመልሰው አንድ ነው፣ ችግሩ ድህነቱ አለመኖሩ አይደለም፣ ችግሩ እኛጋ ካሜራው ደሀውን አያውቀውም። ምን ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ግን መጀመሪያ አሜሪካ ደርሰን መመለስ አለብን፣ ትንሽ ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ደቡቡ ድሮም በጥጥ ነበር የሚኖረው፣ አንድ ፓውንድ ጥጥ 17 ሳንቲም ገደማ ይሸጥ የነበረው በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ 6 ሳንቲም አካባቢ ወረደ። ጥጡን የሚያመርተው ብዙው ሰው ደሞ የራሱ መሬት የለውም፣ ጥቁርም ነጭም፣ ባለመሬቱ መሬቱን ይሰጠዋል፣ ጎጆውን ይሰጠዋል፣ በቅሎውንና ማረሻውን ይሰጠዋል፣ እሱ ጉልበቱንና የልጆቹን ጉልበት ያመጣል፣ መኸር ሲደርስ እኩል ነው። እኩል ሲባል ግን ጨዋታው ያለው ከእኩሉ በኋላ ነው። ከደረሰው ግማሽ ላይ ክረምቱን የበላበትን ብድር ከነወለዱ ይከፍላል፣ የማዳበሪያውን ድርሻ ከነወለዱ ይከፍላል፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ከሆነ እሱንም፣ ሂሳቡን የሚይዘው ደሞ ባለመሬቱ ነው፣ ስለዚህ ብዙው ሰው ዓመቱን ዜሮ ላይ ወይ ዕዳ ላይ ይዘጋል። በቅሎ የራሱ የሆነለት ገበሬ ግን ስምምነቱ ይለወጥለታል፣ ከጥጡ ሲሶ ከበቆሎው ሩብ ሰጥቶ ሌላውን ይይዛል። ይቺን የበቅሎ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዛ መንግሥት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣው የእርሻ ህግ ዋጋ እንዲነሳ ተብሎ ጥጥ ላላመረተ ክፍያ ይሰጥ ጀመር፣ ክፍያው የሚሄደው ለባለመሬቱ ነው፣ ባለመሬቱም መሬቱ ጦም ካደረ አራሹን ምን ያደርገዋል፣ ብዙ ቤተሰብ ከጎጆው ተባረረ። አርካንሳስ ውስጥ ጥቁርና ነጭ እኩል አራሾች አንድ ላይ ማህበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1934 በዚሁ ምክንያት ነው፣ በዛ ዘመን በዛ አገር ጥቁርና ነጭ አንድ ማህበር ውስጥ መቀመጥ ማለት ራሱን የቻለ ጉድ ነው። በዓመቱ ደሞ መንግሥት የተፈናቀሉትን ገበሬዎች የሚረዳ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፣ መሥሪያ ቤቱ ለምክር ቤቱም ለከተሜውም ችግሩን ማሳየት ስለፈለገ ፎቶግራፈሮች ቀጠረ፣ ሮይ ስትራይከር የሚባል ሰውዬ አለቃቸው ሆኖ ዎከር ኢቫንስን፣ ዶሮቲያ ላንግን፣ አርተር ሮትስታይንን፣ በኋላም ጎርደን ፓርክስን በየክፍለ ሀገሩ በተናቸው። ከዛ ሥራ 175 ሺህ የሚሆን ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ዛሬ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታዩታላችሁ፣ ኔትወርክ ካላችሁ ማለቴ ነው። ስትራይከር ያልወደደውን ኔጋቲቭ በወረቀት መብሻ ይበሳው ነበር፣ አንዳንዱ ገበሬ ፊቱ ላይ ወይ ሰማዩ ላይ ጥቁር ክብ ነገር ተቀምጦበት ታያላችሁ። እኔ እሱን ሳይ ነው የአለቃ ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ።

ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1936 በጋ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ በውሰት ወጥቶ ጄምስ ኤጂ ከሚባል ጸሐፊ ጋር ለአንድ መጽሔት ሥራ አላባማ ሄደ፣ ሄል ካውንቲ። ሦስት ነጭ የጥጥ አራሽ ቤተሰቦች ጋ ከረሙ። በትልቅ ባለሦስት እግር ካሜራ፣ ፊልሙ የመጽሐፍ ገጽ የሚያክል፣ ቀስ ተብሎ የሚሠራ። አንዷን የ27 ዓመት ሴት የቤቷ ሳንቃ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፊት ለፊት አንስቷታል፣ ከንፈሯን ገጠም፣ ግንባሯን ሰብሰብ አድርጋ ትክክል ሌንሱን ታያለች፣ ከኋላዋ የሳንቃው መስመር ነው ያለው፣ ሌላ ምንም የለም። በዓለም ላይ ከተነሱ የገጠር ሰው ፎቶዎች እኔ ከሷ የሚበልጥ አላየሁም። መጽሔቱ ጽሑፉን አልፈልግም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣም ስድስት መቶ ኮፒ አካባቢ ነው የተሸጠው፣ ዝናው የመጣው በስልሳዎቹ ድጋሚ ሲታተም ነው።

እንግዲህ አሁን ወደ ነገሬ። እነዛን ፎቶዎች ስታዩ ደሀው ማን እንደሆነ አትጠይቁም። በባዶ እግሩ ያለው ነው፣ ቱታው የተጣፈው ነው፣ ሳንቃ ቤት ውስጥ ያለው ነው፣ እሱ አራሽ ነው፣ ባለመሬቱ ፎቶው ውስጥ የለም፣ ከተማ ነው ያለው። ልብስና ውል አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ፎቶው ውሉን ባያሳይም ብዙ አይጎዳም፣ ተመልካቹ በልቡ ይሞላዋል።

ውሉን ራሱን ያሳየ አንድ ፎቶ አለ፣ እሱም የላንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ሚሲሲፒ ውስጥ ያነሳችው። አንድ ቦርጫም ነጭ ሰውዬ የመኪናው መከላከያ ላይ እግሩን ሰቅሎ ቆሟል፣ ከኋላው የሱቅ ደጃፍ ላይ ጥቁር ሠራተኞች ተቀምጠዋል ቆመዋል። ማን ማንን እንደሚያዝ ለመረዳት አንድ ቃል አያስፈልጋችሁም። እና ምን ተደረገ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሄው ፎቶ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ጥቁሮቹን ቆርጠው ነጩን ሰውዬ ብቻ አስቀሩት፣ ነፃ አሜሪካዊ ገበሬ ይመስል ዘንድ። ያው ፎቶ፣ ያው ሰውዬ፣ በመቀስ ጌታው ተራ ገበሬ ሆነ።

እኛጋ ግን መቀስም አያስፈልግም። ልንገራችሁ።

ጎጃም ውስጥ ዛሬ መሬቷን በእኩል የምትሰጥ ማናት ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከሁሉም በላይ ባሏ የሞተባት ወይ የተፋታች ሴት ናት፣ ወይ የሸመገለ ሰው ነው። መሬት አላት፣ በሬ የላትም። ሴት ልጅ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትጎለጉላለች፣ አውድማ ትለቀልቃለች፣ እርፍ ግን አትጨብጥም፣ ነውር ነው ተብሎ እንዲሁ ቀርቷል፣ እኔ ነውርነቱ ገብቶኝ አያውቅም ግን እንዲህ ነው። ስለዚህ መሬቷን ጥማድ በሬ ላለው ሰው በመጋዞ፣ ያው በእኩል ማለት ነው፣ ትሰጣለች። አራሹ ማነው? ሁለት በሬ ያለው፣ የራሱ መሬት ያለው፣ የሷንም የጎረቤቷንም ደርቦ የሚያርስ ብርቱ ሰው ነው። አንዳንዱማ ቆርቆሮ ቤት፣ ባጃጅ ከተማ ውስጥ የሚያሠራ ነው። በርግጥ ሁሉም እንደዛ አይደለም፣ አንድ በሬ ይዞ ከሌላ ባለአንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ የሚያርስ መሬት የለሽ ጎረምሳም አለ፣ ግን ብዙውን ጊዜ አላባማን ገልብጣችሁ ነው የምታገኙት። እዛ በቅሎ ያለው አራሽ ትንሽ ይተነፍስ ነበር አይደል ያልኳችሁ፣ እኛጋ በሬ ያለው አራሽ ጭራሽ ጌታ ነው፣ ባለመሬቷ ናት የምትለምነው። "ዘንድሮም እረስልኝ የኔ ጌታ" ብላ ሰኔ ሳይገባ ጠላ ጠምቃ የምትሄደው እሷ ናት።

ይሄ ከየት መጣ ለሚል፣ ጎጃም ድሮም እንደ አገራችን ደቡብ የጭሰኛ አገር አልነበረም፣ የርስት አገር ነው፣ ርስቱን ከመንካት ሞቱን የሚመርጥ ሰው ነው ያለው፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር መጣ ሲባል መሬታችን ሊለካ ነው ብሎ ጫካ የገባው እኮ እዚሁ ነው። መሬት ያልነበረው በርስት ያልተቆጠረው ነበር፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሙስሊሙ፣ እነሱ ናቸው በሰው መሬት ሲያርሱ የኖሩት። በ1967 መሬት የህዝብ ነው ተባለ፣ እኩል ማረስም ተከለከለ፣ ግን በየቤቱ በቃል ቀጠለ። በ1989 ደሞ እኛ ክልል ሽግሽግ ተደረገ፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹም የነበረ ሁሉ "ቢሮክራሲ" ተብሎ አንድ ሄክታር ብቻ ተተወለት፣ የተረፈው ለሌለው ተከፋፈለ። ብዙ ሴቶች በስማቸው መሬት ያገኙት ያኔ ነው። መሬት እንጂ በሬ አብሮ አልታደለም። ከዛ ወዲህ ደሞ እንደዛ ያለ ክፍፍል የለም፣ ያኔ ህፃን የነበረው፣ ገና ያልተወለደው፣ ዛሬ ልጅ ወልዶ መሬት የለውም፣ ወይ የአባቱን ቃዳ መሬት ተካፍሎ ያርሳል ወይ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል።

እስቲ አንድ ቦታ ቁጭ ብለን እንየው። ወደ ሰከላ መውጫ ላይ አንዲት መበለት አሉ፣ ስማቸውን አልጽፍም፣ እቴቴ ነው የምላቸው። የጤፍ አውድማቸው ቀን ሄድኩ። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ያበራል፣ በሬዎቹ ሲያበራዩ አድረው አራሹ ከጧት ጀምሮ በላይዳ ያንሳፍፋል። ሰውየው እላዩ ላይ ያለው ቁምጣ ጉልበቱ ጋ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፣ በባዶ እግሩ ነው፣ እብቁ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ተቀምጧል፣ አንገቱ ላይ ላቡ እብቁን እየቆረጠ መስመር ሠርቷል። እቴቴ ደሞ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ጥላ ስር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እህል የሚከፈልበት ቀን ስለሆነ ነው የለበሱት፣ ባለመሬት ናቸዋ፣ ክብር አለ።

አሁን ይሄን ፎቶ ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ጥላ ስር የተቀመጠች ለባሽ ሴት፣ ፀሐይ ላይ የሚለፋ ቡትቷም ወንድ። ማን ጨቋኝ ማን ተጨቋኝ ይመስላችኋል? አንድ አዲስ አበባ ያለ ፎቶግራፈር ጓደኛዬ አይቶት "በላተኛዋ ቁጭ ብላለች" ነው ያለኝ፣ ያው አልፈርድበትም፣ ዓይኑ የሰለጠነው በነላንግ ፎቶ ነው።

ሰውየው እኮ የዛን ዓመት ከራሱም ከሰውም መሬት ያስገባውን እህል አውድማው ላይ ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ ሲቆጥርልኝ ነበር፣ ሦስት አውድማ ገና ይቀረዋል። የተቀደደውን ቁምጣ የለበሰው ሥራ ላይ ስለሆነ ነው፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ብታገኙት ኮቱን ደርቦ ነው። እቴቴ ግን የደረሳቸው ግማሽ ከሚያዝያ አያልፍም። የዘር ተነስቶ፣ የማዳበሪያው ግማሽ ተነስቶ፣ ከሰው የተበደሩት ተከፍሎ፣ ለልጃቸው ደብተርና ልብስ የሚሸጠው ተሽጦ፣ ቤት የሚገባው ጥቂት ነው። ክረምቱን የሚዘልቁት በግብጦ ነው። ግብጦ የማታውቁ ካላችሁ፣ ማዳበሪያ ባላየ የደከመ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ፍሬው መራራ፣ ተቆልቶ ጆንያ ውስጥ ተደርጎ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ካልተዘፈዘፈ የማይበላ እህል ነው። ከቤታቸው ታች ካለው ጅረት ውስጥ ድንጋይ የተጫነበት ጆንያ አሳይተውኛል፣ ውሃው በላዩ እያለፈ፣ አፉ በልጥ ታስሮ። እሱን አንስቻለሁ። ጆንያ በውሃ ውስጥ፣ ሌላ ምንም። ማንም ላይክ ያላደረገው ፎቶዬ እሱ ነው፣ የሁሉም ቁልፍ ደሞ እሱ ነው።

ወደ አውድማው ልመለስ። እህሉ ተንሳፍፎ አለቀና መስፈር ሊጀመር ሲል ካሜራዬን አነሳሁ፣ አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ፣ "ተይ ልጄ፣ እህል ሲሰፈር አይነሳም፣ በረከቱን ታርቂዋለሽ" አሉኝ። አውርጄ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ፎቶ የለኝም፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ሰውየው ቁናውን ይሞላል፣ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ይደፋል። ወደ ራሱ በኩል ሲደፋ ቁናው ላይ እህሉ ተቆልሏል፣ ወደ እቴቴ በኩል ሲደፋ በመዳፉ ላዩን ጠረግ ያደርገዋል። ትንሽ ነገር ናት፣ የእፍኝ ግማሽ አትሆንም። እቴቴ አይተዋል። ሽማግሌዎቹም አይተዋል። ማንም አልተናገረም። ለምን ሲባል፣ ተናግረው ቢያስቀይሙት በሚመጣው ሰኔ ማን ያርስላቸዋል? መሬቷን ለአራሽ አስረክባ ያለ በሬ የቀረች ሴት እርሻዋ የሚደርሰው መጨረሻ ነው፣ አራሹ የራሱን ዘርቶ ሲጨርስ፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ። ጤፍ ደሞ አራት አምስቴ ካልታረሰ፣ በጊዜው ካልተዘራ አይሆንም። ያቺ በመዳፍ የተጠረገች እህል የእርሻው ተራ ዋጋ ናት።

ይሄን የትኛው ካሜራ ያነሳዋል? ቢፈቀድልኝስ ኖሮ የሚታየው ቁና የያዘ ሰው ነው።

ለዛ ነው ወዳጄን ካፕሽን ካፕሽን፣ ከፎቶው ጋር የሚጻፈው መግለጫ ማለቴ ነው፣ እያልኩ የማሰለቸው። የላንግን ትልቅነት ሰዎች ፎቶዋ ላይ ነው የሚያዩት፣ እኔ ማስታወሻዋ ላይ ነው። ባሏ ፖል ቴይለር የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነው፣ አብረው እየዞሩ ሰው ምን አለ፣ ከየት መጣ፣ በቀን ስንት ያገኛል፣ መሬቱ የማነው፣ ይጽፉ ነበር። ይሄ ባይኖር ፎቶዎቹ አሳዛኝ ፊት ብቻ ይሆኑ ነበር። እሷ ራሷ ስትቸኩል ግን ምን እንደሚሆን ያቺው ታዋቂዋ እናት ምስክር ናት፣ ስሟን እንኳን አልጠየቀቻትም፣ ምግብ ለመግዛት የመኪናቸውን ጎማ ሸጡ ብላ ጻፈች፣ የሴትየዋ ልጅ ደሞ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚሸጥ ጎማም አልነበረንም ብሎ ተናገረ። እናትየዋም ፎቶው ዓለምን ሲዞር ከፎቶው አምስት ሳንቲም እንዳላገኘች ቅር እያላት ነው የኖረችው። ስለዚህ ካፕሽን ሲባል ዝም ብሎ የሚያሳዝን ቃል መደርደር አይደለም፣ ውሉን መጻፍ ነው፣ ተጠይቆ፣ ተረጋግጦ።

አንድ ጊዜ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለሥራ ቀጠረኝ፣ "ተጠቃሚዎችን" እንዳነሳ። አስተባባሪው በስልክ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "ልጆቹ ፊታቸውን ባይታጠቡ ጥሩ ነው"። ፎቶዎቹን ስሰድ ካፕሽን አብሬ ላክኩ፣ ማን የማንን መሬት እንደሚያርስ፣ በሬው የማን እንደሆነ። ሪፖርቱ ሲወጣ የኔ ካፕሽን የለም፣ ሁሉም ሰው ስር "የአማራ ክልል አርሶ አደር" ይላል። ባለበሬውም አርሶ አደር፣ ለማኟ ባለመሬትም አርሶ አደር። ስትራይከር ቢያንስ ሲበሳው ቀዳዳው ይታይ ነበር።

እሺ እኛጋ ውል የሚያሳይ ፎቶ ጭራሽ የለም ወይ? አለ እንጂ፣ ማንም ዶክመንተሪ ብሎ አይጠራውም እንጂ። አረንጓዴ ደብተር ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ ነው። ከ1995 ገደማ ጀምሮ፣ መጀመሪያ ምሥራቅ ጎጃም ጎዛምን ላይ በሙከራ፣ ከዛ በየወረዳው የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ፎቶ አብሮ ይለጠፍ ተባለ። ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ያኔ በየቀበሌው እየዞረ ነው ያነሳው፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ በምስማር ወጥሮ፣ አንድ በርጩማ አስቀምጦ፣ ሰልፉ እስከ ማታ። ብዙዎቹ ሴቶች በህይወታቸው ፎቶ ሲነሱ የመጀመሪያቸው ነበር። የአንዳንዶቹን ኔጋቲቭ አሁንም አለው፣ አሳይቶኛል፣ እና እውነት ለመናገር የኢቫንስን የአላባማ ሴት ሥራ ነው የሚያስታውሰኝ፣ ፊት ለፊት፣ ከኋላ ምንም የሌለ፣ ትክክል ሌንሱን የሚያይ ፊት። ልዩነቱ፣ የአላባማዋ ሴት በፎቶው ምንም አላገኘችም፣ ይሄኛው ግን የባል ወንድም መጥቶ መሬቱ የኔ ነው ሲል ቀበሌ ሄዳ የምታወጣው ማስረጃ ነው። እቴቴም አውድማ ቀን ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ስር ይዘው ነበር፣ ለምን እንደያዙት ማንም አልጠየቀም።

አሁን ጊዜው ደሞ ለሁሉም ከፍቷል። የማዳበሪያ ዋጋ ከ2014 ወዲህ የት እንደደረሰ የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል፣ በ2015 ክረምት ላይ በገንዘቡም ጠፍቶ ነበር፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፣ ማዳበሪያ የሚመጣው በዶላር ነው። ይሄ እኩሉን ከስሩ ነው የነካው። ድሮ የማዳበሪያውን ግማሽ እሷ ግማሽ እሱ ያወጣ የነበረው፣ አሁን እሷ ማውጣት ሲያቅታት እሱ ሙሉውን አውጥቶ "እንግዲያው ሲሶ ነው የምሰጥሽ" ይላል። እሱንም ብንሰማው እውነት አለው፣ ዕዳው የሱ ነው፣ በረዶ ቢመታው የሚከስረው እሱ ነው፣ ጤፉም ማዳበሪያ ካላየ ገለባ ብቻ ነው። ክፉ ሰው ፈልጋችሁ የምታነሱበት ነገር አይደለም ይሄ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደሞ መንገዱም ኢንተርኔቱም እንደምታውቁት ነው፣ ካሜራ ይዞ መዞር በራሱ ጥያቄ ያስነሳል፣ አብዛኛውን በስልኬ ነው የማነሳው፣ ብዙ ያላነሳሁትም አለ።

እንደምንም ከርሜ የአውድማውን ፎቶ አሳጥቤ ወሰድኩላቸው፣ ለሁለቱም አንዳንድ። ከጀርባው ካፕሽኑን ጽፌበት ነበር፣ ጤፍ፣ መሬት የሷ፣ በሬና ጉልበት የሱ፣ ዘር ከመሃል፣ ማዳበሪያ ከሁለቱም፣ እህሉ እኩል፣ ገለባው ለአራሹ። አራሹ ልጁን አስነበበና ሳቀ፣ "ገለባው ለኔ ነው ብለሽ ጻፍሽ? ሁለት ሸክም አልሰጠኋቸውም እንዴ!" አለኝ። እቴቴ ጋ ሄጄ ስጠይቅ "አንድ ሸክም ነው፣ እሱም እርጥብ" አሉ። እሱ ደሞ ይሄን ሲሰማ ሽማግሌ ይጠራ አለ። እኔም ገለባው ለአራሹ የሚለውን ሰርዤ፣ ሁለት ሸክም ይላል እሱ፣ አንድ ትላለች እሷ ብዬ ጻፍኩበት፣ ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልተቀመጡም።